ስለ እሜቴ ማን ይወስን?

እርጥብ ሱፍ በከሰል ካውያ ሲተኮስ የሚወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው ብዙ አልቀረበትም። ትንሽ በግ በግ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ፣ ትንሽም ሰው ሰው ይላል። ባለፈው ጥር ለሥራ ወደ ሽሬ ስንሄድ የመኪናችን ጎማ ዳባት ላይ ፈነዳና እስኪቀየር ድረስ ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ጥግ ይዤ ቆምሁ። መብራት ስለጠፋ ሰውዬው የከሰል ካውያውን አውጥቶ፣ ውሃ እየረጨ የአንድ ገበሬ ካፖርት ይተኩሳል። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ መጀመሪያ ያየሁት የሰውዬውን እጅ ነው። አይንቀጠቀጥም። እፎይ አልሁ። ወዲያው በራሴ ሳቄ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት፣ የማላውቀው ልብስ ሰፊ ድመት ገድሎ እንደሆነ ልመረምር እጁ ላይ አፍጥጫለሁ።

በእኛ አገር ድመት የገደለ ሰው ዕድሜ ልኩን እጁ ይንቀጠቀጣል ይባላል። ሌላም ቦታ ይባል ይሆናል። እኛ ልጆች የሚባል ነገር መሆኑን እንኳ አናውቅም ነበር፤ እሳት ያቃጥላል፣ ውርጭ ያደነዝዛል፣ ድመት መግደል ያንቀጠቅጣል፣ አለቀ። ነገሩ ቤታችን ድረስ ገብቶ ሁላችንንም ግራ ያጋባን አራተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ነው፤ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ፣ እሜቴ ስትታመም።

አባቴ ደባርቅ ውስጥ፣ ወደ ዛሪማ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ኮትና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ወደ ተራራው የሚወጡ ቱሪስቶች የቀደዱትን ድንኳንና ዚፑ እንቢ ያለ ቦርሳም ይጠግናል። ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጣልበት ትልቅ ቅርጫት ነበር፤ እሜቴ የምትኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ግራጫ ድመት ናት፤ አንገቷ ሥር ብቻ ነጭ ነጠብጣብ አላት። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በሱቁ ውስጥ የነበረች ስለሆነ፣ ከእኔ ይልቅ የቤቱን ወግ የምታውቀው እሷ ነበረች። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው። ደንበኛ ሲገባ አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጥ አድርጋ አይታ መልሳ ትጨፍናለች፤ ለዚህ ኩራቷ እሜቴ አላት፣ አንቱም ይላት ነበር።

«እሜቴ፣ እባክዎ ከሰውዬው ሱሪ ላይ ይነሡልኝ፤ ሊወስደው መጥቷል» ይላታል። ደንበኛው ይስቃል። እሷ አትነሣም። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይህን እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ለድመት ሁሉ አንቱ የሚባል መስሎኝ የጎረቤት ድመት ሰላም ስል የተሣቀብኝ ጊዜ አለ።

መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ እሜቴ በግራ መንጋጋዋ በኩል አንድ ነገር አበቀለች። መጀመሪያ ባቄላ ያህል ነበር። እኔ ለክረምት የሚሆን አይጥ ጉንጯ ውስጥ ደብቃ መሰለኝ፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። አፏን ከፍቼ ልፈልግ ስል ጫረችኝ። እሜቴ እኔን ስትጭር ያ የመጀመሪያዋ ነው። ኅዳር ሲገባ እባጩ ሎሚ አከለ፤ ሥጋ ስትይዝ ከአፏ ይወድቃል፣ ለሀጯ በነጩ አንገቷ ላይ ይወርዳል፤ ስትተኛ ትንፋሿ ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ ይሰማ ጀመር።

አባቴ የጨርቅ ቅርጫቱን እንዳለ አንሥቶ፣ እሷን በውስጡ እንደያዘ፣ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰዳት። እኔም ተከተልሁ። ግቢው በሬ፣ በግና አህያ ሞልቶታል። ከጃናሞራ አህያውን እየነዳ የመጣ አንድ ሰው ቅርጫቱን አየና «ዶሮ ነው የያዛችሁ?» አለ።

«ድመት ናት» አልሁት።

«ድመትም ይታከማል እንዴ?» አለና ሊያሾፍብን ነው ስል፣ ጎንበስ ብሎ በደንብ አያት። «አየ፣ መንጋጋዋን ነው። ስትበላ ያማታል ማለት ነው?» አለ። ስለ ሕመሟ ሁሉን ጠየቀኝ፤ መቼ እንደጀመራት፣ ውሃ ትጠጣ እንደሆነ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ። በመጨረሻ «በሉ ቅደሙኝ፤ የኔ አህያ ቆሞ መዋል ለምዷል» ብሎ ተራውን ሰጠን። ስንወጣም ምን እንደተባልን ለመስማት እዚያው ቆሞ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወደ ደባርቅ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። በስልኩ መብራት አፏን እያበራ ብዙ ጊዜ አየ። «እባጩ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ተቆርጦ የሚወጣ አይደለም» አለ።

«ትድናለች?» አልሁት።

«አትድንም።»

አዋቂ ሰው እንዲህ በአንድ ቃል መልሶልኝ አያውቅም። አለቀስሁ፤ ግን ደግሞ ወደድሁት። ለአባቴ «ከእንግዲህ ወይ ሕመሙ ነው ወይ ረኃቡ። እንዳትሠቃይ በመርፌ ማሳረፍ ይቻላል። ይህን ግን እኔ አልወስንላችሁም። ቤት ተነጋገሩና ስትወስኑ አምጧት» አለው። ማስታገሻ መርፌ ወግቷት ሸኘን።

እንግዲህ ቤት ተነጋገሩ የተባለው ነገር ነው ጉዱ። ቤታችን ውስጥ ስለማይወራው ነገር ሁሉ ይወራል፤ በዚያ ሰሞን ግን ስለ እሜቴ ጉዳይ የሚጀምር ጠፋ። እናቴ የሳይንስ መምህር ናት፤ የደብረ ታቦር ልጅ ስለሆነች የደባርቅን ብርድም የደባርቅን እምነትም አትወድም። አንድ ማታ እራት ላይ እኔው ራሴ ስለ መንቀጥቀጡ ጠየቅኋት።

«የሚሉት ውሸት ነው» አለች። «እጅ የሚንቀጠቀጠው በነርቭ በሽታ ነው። ድመትና ነርቭ አይገናኙም።»

«እንግዲያው አንቺ ወስኚ» አላት አባቴ፣ ከሳህኑ ላይ ቀና ሳይል።

«እኔ? ድመቷ ያንተ አይደለችም እንዴ?»

«ውሸት ነው ካልሽ ምን ቸገረሽ?»

እናቴ ጣቶቿን ሳታውቀው እጥፍ ዘርጋ እጥፍ ዘርጋ አደረገቻቸው። እኔ አየሁ። አባቴ በእጁ ነው የሚያድር፤ መርፌ ውስጥ ክር የሚሰካው ሳያይ ነው። እናቴ ደግሞ ጽሕፈቷ በትምህርት ቤቱ የታወቀ ስለሆነ፣ የሌሎች መምህራን ማስታወቂያ እንኳ የምትጽፈው እሷ ናት። ሁለቱም አያምኑበትም። ሁለቱም ሊሞክሩት አልፈለጉም።

ከዚያ የገና ጾም ገባ፤ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እሜቴ መዋጥ የምትችለው ወተትና የተፈጨ ሥጋ ብቻ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ሁሉም ይጾማል። አባቴ በየጠዋቱ ወተት ሊገዛ ይወጣል። ሰው እንዳያየው ጠርሙሱን ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጥ ያደርገዋል፤ መደበቁ ደግሞ ይባስ አሳበቀበት። ወተት የምትሸጥለት ሴትዮ አንድ ቀን «ጌታው፣ ካመመዎት እኮ ንስሐ አባትዎን አስፈቅደው በግልጽ መጠጣት ነው» አለችው። «ለድመት ነው» ቢላት አላመነችም። ሰፈሩም አላመነም። ጾም የሚገድፍ ልብስ ሰፊ ተባለ። አባቴ በዚህ ክፉኛ ተናደደ፤ ተናዶም ወተቱን መግዛት አልተወም። ተንበርክኮ በማንኪያ ሲያጠጣት ወተቱ ጣቱ ላይ ይፈሳል፤ በጨርቅ ይጠርገዋል እንጂ አይልሰውም። ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ።

እኔ በበኩሌ ምርመራ ጀመርሁ። ደባርቅ ውስጥ ድመት የገደለ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎችን መዘገብሁ። አንዲት በርበሬ ሻጭ ነበሩ፤ አንድ ዓይናቸው የደከመ የመቃብር ጠባቂ ነበሩ። በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት ግን ውርጩ ከተራራው ወርዶ ከተማውን ሲይዘው ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ያየሁት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ርእሰ መምህሩ ሳይቀሩ። ከተማው ሁሉ ድመት ገዳይ ሆኖ አደረ ብዬ ደነገጥሁ። ከዚያ የራሴንም እጅ ሳየው ይንቀጠቀጣል። ገጹን ቀድጄ ጣልሁት። ምርመራዬ አንድ ችግር እንዳለበት ገባኝ፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ከዝርዝሩ ውስጥ በብርድም በሙቀትም የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ጋሽ ባዩ። ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከብት ሐኪም ረዳት ሆነው ጃናሞራንና ደረስጌን በበቅሎ ሲዞሩ፣ ከብት ሲከትቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸው እጅግ ስለሚንቀጠቀጥ ሻይ የሚቀዳላቸው በግማሽ ብርጭቆ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን መርፌ ይዘው ከኖሩ ድመት መግደላቸው አይቀርም ብዬ ደመደምሁ። ሳስበው ደግሞ ደስ አለኝ። እሳቸው አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጠዋል፤ ከዚህ በላይ የሚመጣባቸው ነገር የለም። የእሜቴን ነገር እሳቸው ቢወስኑልን ማንም አይጎዳም።

እሜቴን በነጠላ ጠቅልዬ ቤታቸው ሄድሁ። ግድግዳ ተደግፈው ጸሐይ ይሞቃሉ። «ነይ ትርንጎ፣ ነይ ልጄ። ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉ። ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ሲያሳርፉ፣ ስለሚንቀጠቀጥ ሳያስቡት ይዳብሳት ጀመር። እሜቴ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንኮራፋች፤ የደስታዋን።

«ጋሽ ባዩ» አልሁ፣ «ስንት ድመት ገድለዋል?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ዕንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉና «ማን ነገረሽ?» አሉ።

«እጅዎን አይቼ ነው።»

«አየ ልጄ! አንድም አልገደልሁ። ይህ በሽታ ነው። ጎንደር ሐኪም ቤት ስሙን ነግረውኝ ነበር፣ ረሳሁት።» ከዚያ ሳቃቸውን ተዉ። «አንዲት በቅሎ ነበረችኝ» አሉ። «ቦራ እላት ነበር። ስንት ዓመት ተሸክማኝ ዞራለች መሰለሽ። ከክትባት ስንመለስ ከአንድ ወንዝ ዳር እግሯ ተሰበረ፤ አጥንቷ ወጥቶ ይታያል። በቅርብ ያሳደረኝ ገበሬ ጠመንጃውን ይዞ መጣና ‹ጌታዬ፣ ልገላግላት?› አለኝ። ቆይ አልሁት። በነጋታውም ጠየቀኝ፤ ቆይ አልሁት። እንዲህ እንዲህ ስል አራት ቀን አደረች። እኔኮ ከብት ሳክም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እንደማትድን ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነኝ። ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።»

ያንን ሲናገሩ የእሜቴን ፊት እንጂ የእኔን አያዩም። እኔ ግን ጥያቄዬን አልጨረስሁም።

«እና የሚንቀጠቀጠው ማን ነው? መርፌውን የወጋው ነው ወይስ ውጉ ያለው?»

ጋሽ ባዩ ልጅ ናት ብለው አልናቁኝም። «ማንም አይንቀጠቀጥ» አሉ በመጨረሻ። «ውጉ ያለ ሰው ግን ያዝናል። እኔ ስላልሁ አይደለም የሚቆጨኝ፤ ስላላልሁ ነው። ለአባትሽ እንደሱ በዪው።»

«እርስዎ ውጉ ይበሉልን።»

«የእኔ አይደለችም፣ ልጄ። የሰው ድመት እኔ ምን ብዬ?»

በግማሽ ብቻ አመንኋቸው። አዋቂዎች ልጅ እንዳይፈራ ብለው እንደሚዋሹ አውቃለሁ። ስለዚህ ቤት ስመለስ እንዲህ ብዬ አሰላሁ፦ አንድ ሰው ቃሉን መናገር አለበት፤ የተናገረው ሰው ሳይንቀጠቀጥ አይቀርም። የአባዬ እጅ ያስፈልጋል። የእማዬ እጅ ያስፈልጋል። የእኔ እጅ ግን ለማንም አይጠቅምም፤ እማዬ ራሷ የጻፍሁትን የቤት ሥራ ባየች ቁጥር «ይህ በእጅ ነው በእግር የተጻፈ?» ትለኛለች። ቢንቀጠቀጥም ማንም ልዩነቱን አያውቅ። ይህን ስወስን የጀግንነት ስሜት እንደተሰማኝ አልደብቅም። ሌሊቱን ግን እጄን ከብርድ ልብሱ ውስጥ እያወጣሁ አየው ነበር።

ገና ካለፈ በኋላ፣ ጥምቀት ሳይደርስ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እሜቴ ከቅርጫቷ ወጥታ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተወሽቃ ተገኘች። ፀጉሯ ተጣብቋል፤ ራሷን መላስ ከተወች ሰንብታለች። አባቴ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ክንዱን በመኪናው እግሮች መካከል አሾልኮ ማንኪያውን አቀረበላት።

«እሜቴ፣ እባክዎ። አንዲት ማንኪያ ብቻ ይቅመሱልኝ» አለ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እባክዎ» አለ እንደገና። ቀልድ አልነበረም።

ሁለቱን እጆቼን ብብቴ ውስጥ አጥብቄ ደበቅሁና «አባዬ፣ እሜቴ ይረፉ» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«ይረፉ አልሁ። ለሐኪሙ ትርንጎ ናት ያለች በለው።»

ወተቱ ከማንኪያው መሬት ላይ ፈሰሰ። እናቴ ከኋላዬ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። አባቴ ሲነሣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ክር እንኳ አላራገፈም፤ «ካፖርትሽን ልበሺ» ብቻ አለኝ። ሦስታችንም ወጣን። ቅርጫቱን አባቴና እናቴ በአንድ በአንድ ጆሮው ይዘውታል።

ሐኪሙ ሲያየን ገባው። እሜቴን አገላብጦ አየና «ወሰናችሁ?» አለ።

«ወስነናል» አለ አባቴ። «የወሰንሁት እኔ ነኝ።»

ጆሮዬን አላመንሁም። «ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «እኔ ነኝ ያልሁት! እሱ ማንኪያ ይዞ ተኝቶ ነበር!»

«ልጅ ናት፣ አትስማት» አለው አባቴ። «እሷ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ይረፉ ያልሁ።»

«ሁለታችሁም አይደላችሁም» አለች እናቴ። «እኔ ከዚህ ግቢ መጀመሪያ የወጣችሁ ቀን ወስኛለሁ። አፌን ነው ያልከፈትሁት። በእኔ ይሁን።»

«አንቺ እቃወማለሁ እንኳ አላልሽ፣ እወስናለሁ እንኳ አላልሽ!» አላት አባቴ።

«አሁን አልሁ!»

ሁለት ወር ሙሉ ማንም ሊነካው ያልፈለገውን ነገር ሦስት ሰው ይሻማበት ጀመር። እኔ እያለቀስሁ «የእኔ ነው! የእኔ ነው!» እላለሁ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በበሩ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። ሐኪሙ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ሲያይ ቆየና «እኔ የሚበቃኝ አንድ ሰው ነው» አለ። አንዳችንም ንቅንቅ አላልን። እናቴ የአባቴን ክንድ፣ አባቴ የእኔን ትከሻ ወደ ኋላ እየጎተቱ፣ እርስ በርሳችን እንገፋፋለን።

«እንግዲያውስ ሁላችሁም ያዟት» አለ ሐኪሙ። «እንዳትነቃነቅ።»

አባቴ ትከሻዋን ያዘ። እናቴ ወገቧን ያዘች። እኔ ታማሚውን መንጋጋዋን እንዳልነካ ተጠንቅቄ፣ መዳፌን ከግንባሯ ላይ አሳረፍሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስተኛውን ወጋት፤ ያ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ትንፋሿ ቀስ እያለ ዝግ አለ። ከዚያ ሁለተኛውን ወጋት። የአንዳችን እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን ተደራርበን ስለነበር ዛሬም አላውቅም።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና «በቃ፣ አርፋለች» አለ። ውጭ በሬ ያጓራል፤ ሰው ተራው እንደደረሰ ይጠይቃል። ከሦስታችን እጁን ቀድሞ የሚያነሣ ጠፋ። ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀና ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ እንጂ ውጡ አላለንም።